የሞተውን ግልገል መዝግባችሁ እናቲቱን ለምን ትተዋላችሁ?

ለእንስሳት ጤናና እርባታ አገልግሎት ኃላፊዎች፣ እንዲሁም የመኖ፣ የክትባትና የመድኃኒት በጀት ለምትመድቡ ሁሉ

ጉዳዩ፦ አዲስ የሚወለዱ እንስሳትን ሞት የመቀነስ ሥራ ከእርግዝና ጀምሮ እንዲታቀድ ስለመጠየቅ

ክቡራንና ክቡራት፣

የወሊድ ወቅት ባለፈ ቁጥር ተጠቃልሎ የሚደርሳችሁ ሪፖርት አለ። ይህን ያህል ተወለደ፣ ይህን ያህል ሞተ፣ ምክንያቱ ይህ ነው ይላል። የምክንያቱን ዓምድ ወደ ታች ስታነቡት እነዚያው ቃላት ይመላለሳሉ፦ ብርድ፣ ተቅማጥ፣ የሳንባ ምች፣ «ደካማ ሆኖ ተወለደ»። ይህን ቅጽ ከሚሞሉት አንዱ ስለሆንኩ ስለ መጨረሻው ሐረግ ልናገር። «ደካማ ሆኖ ተወለደ» ብለን የምንጽፈው ሌላ የምንጽፈው ሲጠፋን ነው። ደካማ ሆኖ ከተወለደ ያደከመው ነገር ቀድሞ ነበረ ማለት ነው፤ ቀድሞ ደግሞ የነበረው እናቱ ሆድ ውስጥ ነው። ቅጹ ግን ስለ እናቲቱ አንድም ነገር አይጠይቅም። ዕድሜዋ ስንት ነው? ከስታለች ወይስ ወፍራለች? መንታ ነው የያዘችው? በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ምን በላች? የሚጻፍበት ቦታ የለም።

ብርዱና ተቅማጡም ቢሆኑ ብዙ ጊዜ ጨራሾች እንጂ ጀማሪዎች አይደሉም። በአንድ ሌሊት፣ በአንድ ጉሮኖ፣ በዚያው ነፋስ ከተወለዱት ግልገሎች አንዱ ተነሥቶ ሲጠባ ሌላው እንደተኛ ይቀርና ጠዋት ሞቶ ይገኛል። ብርዱ ለሁለቱም እኩል ነበር። የተለያየው ከእናታቸው ይዘውት የወጡት ስንቅ ነው። የምጽፍላችሁ ስለዚህ ስንቅ ነው። የምጠይቃችሁም መኖውን፣ ክትባቱንና መዝገቡን ወደ እናቲቱ እንድታዞሩት፣ በተለይ ደግሞ ወደ እርግዝናዋ የመጨረሻ ሳምንታት።

የሞተ ግልገል ሲከፈት አይታችሁ የማታውቁ ካላችሁ አንድ ቀን ከመስክ ባለሙያ ጋር ሄዳችሁ ብታዩ ደስ ይለኛል። ጓንትና ስለታም ቢላዋ ይበቃል፤ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። መጀመሪያ ሰኮናውን ነው የምናየው። ግልገል ሲወለድ የሰኮናው ጫፍ ነጣ ያለ ለስላሳ ሽፋን አለው፤ ቆሞ ሲራመድ እየተፋቀ ይጠፋል። ሽፋኑ እንዳለ ከሆነ ግልገሉ አልተራመደም። ቀጥሎ ከሳንባው ትንሽ ተቆርጦ ውሃ ውስጥ ይጣላል፦ ከተንሳፈፈ ተንፍሷል፣ ከሰመጠ ሳይተነፍስ ሞቷል። ከዚያ ጨጓራው ይከፈታል፤ የረጋ ወተት አለ ወይስ ባዶ ነው? ኩላሊቱ ላይ ስንደርስ ደግሞ ዋናው ነገር ይገኛል። ደህና ሆኖ የተወለደ ግልገል ኩላሊቱ ጠንከር ባለ፣ ነጣ ባለ ስብ ተሸፍኗል። ያ ስብ ነድዶ ካለቀ ረግቦና ጠቁሮ፣ ቀይ ዝልግልግ ነገር ሆኖ ይገኛል።

ቡናማ ስብ ይባላል፤ ሥራውም ነድዶ ሙቀት መስጠት ነው። ግልገሉ 39 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ከሆነ ማኅፀን ወጥቶ፣ በረጠበ ጠጕሩ ላይ ነፋስ ሲያርፍበት ነፍሱን ከሚያቆዩለት ዋና ዋና ነገሮች አንዱ እሱ ነው። በበግ ግልገል ላይ ከጠቅላላ ክብደቱ 2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው፤ ወተት እስኪያገኝ ለጥቂት ሰዓታት ያቆየዋል እንጂ ከዚያ በላይ አይሄድም። ጥጃና የፍየል ግልገልም ይዘውት ይወለዳሉ። የአሳማ ግልገል ይህ ስብ የለውም፤ አሳማ አርቢዎች ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ መሞቂያ የሚያዘጋጁት ስለዚህ ነው።

እንግዲህ ሦስት የሞቱ ግልገሎች አጠገብ ለአጠገብ ተኝተዋል እንበል። አንደኛው ሰኮናው ተፍቋል፣ ሳንባው ይንሳፈፋል፣ ስቡ አልቋል፣ ጨጓራው ባዶ ነው፦ ተወልዶ፣ ተነሥቶ፣ ጡት ፈልጎ፣ ወተት ሳያገኝ ሞተ። ሁለተኛው ትንሽዬ ነው፤ ስቡም ከመነሻው ስስ ነበር፤ ለመነሣትም አቅም አልነበረውም። ሦስተኛው ትልቅና ሙሉ ነው፣ ስቡ አልተነካም፣ ሰኮናው ለስላሳ ነው፣ ጭንቅላቱ አብጧል፦ ምጥ ላይ ታፍኖ ሞተ። በቅጻችን ሦስቱም «ብርድ» ወይም «ደካማ» ተብለው ሊገቡ ይችላሉ። ቢላዋው ግን ሦስት የተለያዩ እናቶችን ነው የሚያሳየን፦ ወተቷ ያልወረደ ወይም ግልገሏን ያልተቀበለች፣ በእርግዝናዋ የተራበች፣ እና ከመጠን በላይ የወፈረች ወይም ዳሌዋ ጠባብ የሆነ።

ስንቁ የሚቋጠርበት ጊዜ የታወቀ ነው። የበግና የፍየል እርግዝና 5 ወር ገደማ ነው፤ የላም 9 ወር ከሳምንት ያህል፣ የአህያ 12 ወር፣ የግመል 13 ወር ገደማ። በበግ ላይ በደንብ ስለተጠና እሱን ልውሰድ። የእንግዴ ልጁ እድገቱን የሚጨርሰው በ90ኛው ቀን ገደማ ነው። ጽንሱ በዚያን ጊዜ ገና ትንሽ ነው፤ በሚወለድበት ጊዜ ከሚኖረው ክብደት 70 በመቶ ገደማውን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ነው። በእርግዝናዋ አጋማሽ ክፉኛ የተራበች በግ የእንግዴ ልጇ አንሶ ይቀራል፤ ኋላ ምግብ ቢትረፈረፍላት እንኳ የሚያሳልፈው መንገድ ጠቦባታል። መጨረሻ ላይ የተራበች ደግሞ መንገዱ ሰፊ ቢሆንም የምትልክበት የላትም። ላምም ብትሆን ጽንሷ ከግማሽ በላይ ክብደቱን የሚጨምረው በመጨረሻዎቹ 3 ወራት ነው።

«ዘሩ ነው የሚወስነው» የሚል ክርክር ሁልጊዜ ይነሣል፤ ኮርማውን ወይም አውራውን ብንቀይር ይበቃል የሚል። ይህን ክርክር አርተር ዎልተንና ጆን ሃሞንድ እ.ኤ.አ. በ1938 ባሳተሙት ጥናት ፈትነውታል። ግዙፉን የሻየር ፈረስና ትንሹን የሼትላንድ ፈረስ በሰው ሠራሽ ዘዴ በሁለቱም በኩል አዳቀሉ፦ ከሻየር እናትና ከሼትላንድ አባት፣ ከሼትላንድ እናትና ከሻየር አባት። የዘሩ ድርሻ በሁለቱም በኩል ግማሽ በግማሽ ነው። ሲወለዱ ግን ከሻየር እናት የወጣው ውርንጭላ ከሼትላንድ እናት ከወጣው ሦስት እጥፍ ያህል ይመዝን ነበር። የእናት ማኅፀን የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን ያህል አባት አይቀይረውም። የዘር ማሻሻያ በጀታችሁን አልቃወምም፤ ነገር ግን የተሻሻለ ዘር በተራበች እናት ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ስንት ጊዜ እንደባከነ ማንም አልቆጠረውም።

እዚህ ላይ አንድ የማይታይ ችግር አለ። እርጉዟ በግ ፍላጎቷ በሚጨምርበት በዚያው ጊዜ የምትበላበት ቦታ ይጠብባታል። ማኅፀኑ ሲገፋ ሆድ ዕቃዋ ይጨመቃል፤ ገለባና የደረቀ ሣር ፊቷ ተከምሮም ቢሆን የሚበቃትን ያህል መያዝ አትችልም። መንታ የያዘች በግ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት የሚያስፈልጋት ኃይል ለራሷ ብቻ ከሚበቃት ወደ እጥፍ ይጠጋል። ሳታገኘው ስትቀር የራሷን ስብ ማቅለጥ ትጀምራለች፤ ጉበቷ የሚጎርፍበትን ስብ መቋቋም ያቅተዋል፤ ኬቶን የተባለው ከስብ መቅለጥ የሚወጣ ነገር ደሟ ውስጥ ይከማቻል። ከመንጋው ትለያለች፣ ዓይኗ የማያይ ይመስላል፣ ራሷን ግድግዳ ላይ ታስደግፋለች፣ ትተኛለች። የእርግዝና ቶክሲሚያ ይባላል፤ አንዴ ከተኛች ማዳን ከባድ ነው፣ ከነግልገሎቿ ትሄዳለች። መፍትሔው ቀድሞ መድረስ ነው፦ መጠኑ ትንሽ ሆኖ ኃይሉና ፕሮቲኑ የበዛ መኖ። ፉርሽካም ይሁን ፋጉሎ ወይም ጥራጥሬ፣ ቀስ በቀስ እየተጨመረ ለዚያች በግ ለመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት መስጠት። ዓመቱን ሙሉ ለመንጋው ሁሉ መስጠት አይደለም የምለው።

የትኛዋ ትፈልጋለች የሚለውን እጅ ይመልሰዋል። ከመጨረሻው የጎድን አጥንት ጀርባ ወገቧ ላይ መዳፍን ማሳረፍ፣ የአከርካሪውን ጫፍና ወደ ጎን የወጡትን አጥንቶች በጣት መፈለግ። ጣት በአጥንቶቹ ሥር ያለ ምንም እክል ከገባ፣ ጫፋቸውም የሚወጋ ከሆነ ከ5 ነጥብ 1 ነው የምትሰጧት። አጥንቱ የሚገኘው ጫን ሲባል ብቻ ከሆነ፣ ጫፉም ከዶለዶመ 3 ነች። ጭራሽ ካልተገኘ 5። ለመውለድ የምትቃረብ በግ 3 አካባቢ ብትሆን ደግ ነው። በዓይን መገመት አይሆንም፤ ጸጉሯ ይሸፍናል፣ የተነፋው ሆዷም ያታልላል። ከስታ ሳለ ሆዷን አይተው «ደህና ናት» የሚሏት ብዙ እርጉዝ በግ አይቻለሁ። ይህን መዳሰስ ለአንድ እረኛ ለማስተማር ግማሽ ቀን አይፈጅም።

«አብልተን አብልተን ጽንሱ ተልቆ ምጥ ቢጠናባትስ?» ትሉኝ ይሆናል። ስጋቱ እውነት ነው፤ ሦስተኛውን ግልገል ያነሣሁትም ለዚህ ነው። በጣም የወፈረች እናት የመውለጃ መንገዷ በስብ ይጠብባል፣ ምጧም ይዘገያል፤ በምጥ የቆየ ጥጃ ኦክስጅን አጥሮት ስለሚወለድ ተነሥቶ ለመጥባት ይሰንፋል፣ እንገሩንም በጊዜው አያገኝም። በክብደትና በመትረፍ መካከል ያለው ግንኙነት ቀጥ ያለ መስመር አይደለም፤ በጣም ትንሹም በጣም ትልቁም ይሞታሉ፣ የሚተርፈው የመሐሉ ነው። ነገር ግን ከዚህ ተነሥቶ «ጊደሯን መጨረሻ ላይ እናስርባት፣ ጥጃው ትንሽ ይሁን» የሚለው ልማድ ጉዳት አለው። የተራበች ጊደር ጥጃዋ ጥቂት ኪሎ ሊቀንስ ይችላል፤ እሷ ግን ማማጫ አቅም ታጣለች፣ ወተቷ ይቀንሳል፣ ጥጃዋ ይደክማል፣ ዳግም ለመፀነስም ትዘገያለች። ጠባብ ዳሌ የሚፈታው ጊደሯን ያለ ዕድሜዋና ያለ ክብደቷ ባለማስጠቃት፣ ለጊደርም ትናንሽ ጥጃ የሚወልድ ኮርማ በመምረጥ ነው።

አሁን ወደ እንገሩ። ከሁሉ የበለጠ የማዝነው በዚህ ነው፤ ምክንያቱም ብዙ የሞት ምክንያት ተብሎ የሚጻፍ ተቅማጥና የሳንባ ምች ከዚህ ይጀምራል። የሰው ልጅ ሲወለድ ከእናቱ በእንግዴ ልጁ በኩል ያገኘው የመከላከያ ፀረ እንግዳ አካል ደሙ ውስጥ አለ። የላም፣ የበግ፣ የፍየል፣ የግመል፣ የፈረስና የአሳማ እንግዴ ልጅ ግን ይህን አያሳልፍም። ጥጃ ሲወለድ ለበሽታ ባዶ እጁን ነው። የመከላከያው በሙሉ ያለው እንገር ውስጥ ነው፤ የጥጃው አንጀትም ያን ትልቅ ፕሮቲን ሳይፈጨው እንዳለ ወደ ደም የሚያስገባው ለመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ብቻ ነው። አቅሙ ከመጀመሪያው ሰዓት ጀምሮ እየቀነሰ ሄዶ 24 ሰዓት አካባቢ ይዘጋል። ከዚያ በኋላ የጠባው እንገር ምግብ ይሆነዋል፣ በደሙ የሚዘዋወር መከላከያ ግን አይሆነውም። ቴኦባልድ ስሚዝና ራልፍ ሊትል ይህን እ.ኤ.አ. በ1922 በጥጆች አሳይተውታል፦ እንገር የተከለከሉት አብዛኞቹ ሞቱ፣ ያገኙት ተረፉ። ከመቶ ዓመት በፊት የታወቀ ነገር ነው።

ልኩም ይታወቃል። ጥጃ ከክብደቱ 10 በመቶ ያህል እንገር፣ 40 ኪሎ ከሆነ 4 ሊትር ገደማ፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ 2 ሰዓታት፣ ግፋ ቢል በ6 ሰዓት ውስጥ ያግኝ። የበግ ግልገል በኪሎ 50 ሚሊ ሊትር ያህል ወዲያው፣ በቀኑ ውስጥ ደግሞ በኪሎ 200 ሚሊ ሊትር ያህል። ለ4 ኪሎ ግልገል ይህ መጀመሪያ 200፣ በቀኑ በድምሩ 800 ሚሊ ሊትር ማለት ነው።

አሰልጣኞቻችን «እንገር በጊዜ አጠቡ» ይላሉ፤ መልካም። እንገሩ ከየት ይመጣል? የሚሠራው እናቲቱ ሳትወልድ በመጨረሻዎቹ ሳምንታት ነው፤ ፀረ እንግዳ አካሉ ከደሟ ወደ ግቷ የሚሰበሰበው ያኔ ነው። በዚያን ጊዜ የተራበች በግ ግቷ በደንብ አያጋትም፤ እንገሯ ያንሳል፣ ይወፍራል፣ ይጣበቃል፣ ለደካማ ግልገል ስቦ ማውጣት ይከብደዋል። ፕሮጄስትሮን የተባለው የእርግዝና ሆርሞን በጊዜው ስለማይወርድላት ወተቷም ይዘገያል። ግልገሏን ለመላስም ትሰንፋለች፣ ቶሎ ትታው ወደ ግጦሽ ትሄዳለች። የማትወደው ስለሆነ እንዳይመስላችሁ፤ ርቧት ነው። መንታ ከወለደች አንዱን ይዛ አንዱን ትተወዋለች። ከሦስቱ አንደኛውን ግልገል፣ ያን ተነሥቶ ጡት ፈልጎ ያጣውን፣ አሁን በቦታው አድርጉት። ቅጹ ላይ «ብርድ» ነው የተባለው።

ክትባቱም በዚሁ መንገድ ነው የሚሄደው። እንገር ውስጥ የሚገኘው መከላከያ እናቲቱ ያወቀችው በሽታ መከላከያ ነው። ቴታነስንና የአንጀት መርዝ የሚያመጡትን ባክቴሪያዎች የሚከላከለውን ክትባት በግና ፍየል ከመውለዳቸው 4 እስከ 6 ሳምንት ሲቀረው ብትሰጧቸው፣ መከላከያው በእናቲቱ ግት ሞልቶ ግልገሉ ይጠባዋል። ግልገሉን ራሱን ገና እንደተወለደ መክተብ ያን ያህል አይጠቅመውም፤ የራሱን መከላከያ ለመሥራት ገና ነው። እኔ የማውቃቸው የክትባት ዘመቻዎች ግን የሚወጡት ክትባቱ ሲደርስ፣ መኪናውና አበሉ ሲገኝ ነው። አንዳንዴ ከወሊድ በኋላ በሁለተኛው ወር እንደርሳለን፤ የከተብነው ብዛት ሪፖርት ላይ ያምራል፣ ክትባቱ በጊዜው ሊያድናቸው የሚችሉት ግልገሎች ግን ከሞቱ ሰንብተዋል።

የጥቃቅን ንጥረ ነገሮችን ነገር በአጭሩ ልለፈው። አዮዲን ያጣች እናት እንቅርት ያለበት፣ ጸጉሩ የሳሳ፣ ሙት ወይም ደካማ ግልገል ትወልዳለች፤ ቡናማውን ስብ ለማንደድም የታይሮይድ ሆርሞን ስለሚያስፈልግ ብርድ ቶሎ ይገድለዋል። ሴሊኒየምና ቫይታሚን ኢ ሲጎድል የግልገሉ ጡንቻ ነጥቶ ይደክማል፣ ልቡም ሊቆም ይችላል። መዳብ ሲጎድል የኋላ እግሩ የሚንገዳገድ ግልገል ይመጣል። ድርቅ በረዘመበት፣ አረንጓዴ ነገር በጠፋበት ወቅት የቫይታሚን ኤ እጥረት ዓይነ ስውር ጥጃ እስከማስወለድ ይደርሳል። የማዕድን ጨው ርካሹ መድን ነው፤ ለላም የተዘጋጀውን ግን ለበግ እንዳትሰጡ፣ ላምን የማይጎዳ የመዳብ መጠን በግን ይመርዛል።

ሙቀትም አለ። በጎች በእርግዝናቸው ለረጅም ጊዜ በከባድ ሙቀት ሲቆዩ ደሙ ወደ ቆዳ ስለሚሄድ የእንግዴ ልጁ ያንሳል፣ ግልገሉም ያንሳል። የወተት ላሞች ከመውለዳቸው በፊት ባሉት የእረፍት ሳምንታት በሙቀት ሲሰቃዩ ጥጃቸው ቀልሎ ይወለዳል፤ የሚገርመው ደግሞ እንገሩ ጥሩ ቢሆን እንኳ ጥጃው ከሱ የሚወስደው መከላከያ ያንሳል። ጥላና ቅርብ ውሃ ከመድኃኒት ይረክሳሉ። ሊወልዱ የተቃረቡትን ለውሃ ሩቅ መንዳት፣ ጭነት መጫን፣ በመኪና ማጓጓዝ ይቅር ማለትም ገንዘብ አይጠይቅም።

ስለ በሽታና መድኃኒት ስመጣ ግን ረጋ ብዬ ልናገር፤ እዚህ የእኛ አገልግሎት ራሱ ሊጎዳ ይችላል። ብሩሴሎሲስ፣ ክላሚዲያ፣ ቶክሶፕላዝማ፣ ኪው ፊቨር፣ የበግና የፍየል ደስታ መሰል በሽታ ሁሉም ያስጨነግፋሉ ወይም ደካማ ያስወልዳሉ። የስምጥ ሸለቆ ትኩሳት ሲገባ ደግሞ እርጉዞቹ በአንድ ላይ ያጨነግፋሉ፣ አዲስ የተወለዱትም አብዛኞቹ ይሞታሉ። እንዲህ ያለ ነገር ባያችሁ ጊዜ የተጨነገፈውንና የእንግዴ ልጁን በባዶ እጅ የሚነካ አይኑር፣ እርጉዝ ሴቶችም ከወሊዱ ይራቁ፤ ከዘረዘርኳቸው መካከል ከበግና ፍየል ደስታ መሰል በሽታ በስተቀር ሁሉም ሰው ላይ ይተላለፋሉ። ለውሻ መጣልም በሽታውን ማዞር ነው፤ ይቀበር ወይም ይቃጠል።

ከዚያ መድኃኒቱ። አልበንዳዞል በብዙ መጋዘን የሚገኝ የሆድ ትል መድኃኒት ነው፤ በእርግዝና የመጀመሪያ ወር ሲሰጥ ግን ጽንሱን ሊያበላሽ ይችላል። ከሕያው ተዋሲያን የተዘጋጁ አንዳንድ ክትባቶች፣ ለምሳሌ ለበግና ፍየል ብሩሴሎሲስ የሚሰጠው ሬቭ 1፣ እርጉዞችን ያስጨነግፋሉ። ዘመቻ ላይ መርፌ ይዘን ስንሰለፍ «ይቺ እርጉዝ ናት?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው ካልተመደበ፣ ሊጠብቃት የመጣው እጅ ያስጨነግፋታል። ገበሬው ይህን አንዴ ካየ ሁለተኛ እንስሳውን አያወጣላችሁም፤ ልክም ነው። በሌላ በኩል ደግሞ ከመውለዷ 2 ሳምንት ገደማ አስቀድሞ የበግ የትል መከላከያ ይደክማል፣ እንቁላሉ በፋንድያዋ ይበዛል፣ ግልገሎቿም ያንን ሣር ነው ነክሰው የሚጀምሩት። ስለዚህ «እርጉዝ አትነካ» ማለትም መልስ አይሆንም። የትኛው መድኃኒት በየትኛው ወር እንደሚሰጥ መታወቅ አለበት፤ ለዚያ ደግሞ መቼ እንደፀነሰች መታወቅ አለበት፤ ለዚያም አውራውን ዓመቱን ሙሉ ከመንጋው ጋር ከመልቀቅ ይልቅ ስሪያውን በጥቂት ሳምንታት መወሰን ያስፈልጋል። ሥራው ሁሉ ከዚህ ይፈታል። ስሪያው ከተወሰነ ወሊዱ ይታወቃል፣ ወሊዱ ከታወቀ የመጨረሻዎቹ 6 ሳምንታት ይታወቃሉ፣ መኖውም ክትባቱም ጥላውም የሚመጡበት ቀን ይኖራቸዋል። የወሊዱ ወቅት ራሱም ግጦሽ በሚለመልምበት ጊዜ እንዲውል ማድረግ ይቻላል።

የምጠይቀው እንግዲህ ይህን ነው። በችግር ጊዜ የመኖ ክፍፍል ሲደረግ እርጉዞች፣ በተለይም የመጨረሻ ሁለት ወራቸው ላይ ያሉት፣ ቅድሚያ ይሰጣቸው። አሁን የሚሰጠው ለምትታለበዋና ልትሞት ለደረሰችው ነው፤ ወተቷም ክሳቷም በግልጽ ስለሚታይ። የክትባት መርሐ ግብር በስሪያ ቀን ይሰላ እንጂ በበጀት ዓመት መዝጊያ አይሰላ። የአልትራሳውንድ መሣሪያ ያላችሁ ከስሪያው በኋላ ከ45ኛው እስከ 90ኛው ቀን ባለው ጊዜ መንታ የያዙትን ለዩ፤ ያለውን ጥቂት መኖ ለእነሱ ታውሉታላችሁ። መሣሪያው የሌላችሁ እጅ አላችሁ፤ መዳሰስ አስተምሩ።

ቅጹ ግን በጀት አይጠይቅም፣ ስለዚህ ከሱ መጀመር ይቻላል። ለእያንዳንዱ የሞተ ግልገል ወይም ጥጃ ጎን እነዚህ ይታከሉ፦ የእናቲቱ የሰውነት አቋም ነጥብ በወሊድ ጊዜ፣ ነጠላ ወይስ መንታ፣ ስንተኛ ወሊዷ እንደሆነ፣ ባለፈው አንድ ወር ተጨማሪ መኖ አግኝታ እንደሆነ፣ እንገር በስንት ሰዓት እንደተጠባ። ሞቶ ለተገኘው ደግሞ ከላይ የነገርኳችሁ አራት ነገሮች፦ ሰኮና፣ ሳንባ፣ ጨጓራ፣ የኩላሊት ስብ። «ደካማ ሆኖ ተወለደ» የሚለው ምርጫ ከዝርዝሩ ይሰረዝ። የአንድ ወሊድ ወቅት እንዲህ ተሞልቶ ሲመጣላችሁ ገንዘቡን ለተቅማጥ መድኃኒት ልታውሉት ወይስ ለእርጉዝ በግ ፋጉሎ፣ ቁጥሩ ራሱ ያከራክራችኋል። ረቂቁን አዘጋጅቼ በመሥሪያ ቤታችን በኩል አቅርቤአለሁ። የሚወልዱት ከመውለዳቸው በፊት መልስ ባገኝ፣ በሚመጣው ወቅት ልንሞክረው እንችላለን።

ከአክብሮት ጋር፣
አንድ የመስክ የእንስሳት ጤና ባለሙያ